በእኛ ሰማይ ላይ የሚዘጋው መሣሪያ

ቆቦ፣ ሰኔ 2 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለተናደድኩብህ ወንድሜ ለይግዛው፣

እንደምን ከርመሃል? ደህና ነኝ እንዳልልህ እግዜር ይታዘበኛል። የስዊድን ብርድ ጠናብኝ ብለህ ነበር፤ ደርበህ ልበስ። አሁን ግን የምልህን ስማ፤ አንጀቴ እርር ብሏል።

በየካቲት ምን ብዬ ጻፍኩልህ? የዞብልም የላስታም ሰው ወደ መኪናው መንገድ እየወረደ ሻይ ቤቴ ደጃፍ ላይ በረሃብ ያልቃል፤ ሹማምንቱ አፋችሁን ዝጉ ይሉናል፤ አንተ የፈረንጅ ጋዜጣ ደጅ ነህና ተናገር አልኩህ። አንተ የመልስ ደብዳቤህን ገጽ ሁሉ ስለምትማርበት ሳተላይት ሞላኸው። ከፀሐይ የሚመጣ፣ ዓይን የማያየው፣ ኤሌክትሪክ ያዘለ ብናኝ በሰሜን ሰማይ ላይ ሲወርድ ይለካል፤ እዚያ አገር ሌሊት ሰማዩ ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ብርሃን የሚያበራውም ብናኙ ነው። እሰይ! ስለ እኛስ? ከታች ጥግ ላይ፣ «እትዬ፣ ተለክቶ ያልተረጋገጠ ነገር ባወራ ከትምህርቴ ያባርሩኛል።» በምን ልለካልህ ኖሯል፣ በቁና?

አባዬ ሳነብለት አልተቆጣም። እንዲያውም ደስ ብሎት፣ «ያ መሣሪያ በእኛም ላይ ያልፋል?» አለኝ። አንተው የጻፍከውን ነገርኩት። ያልፋል፤ ግን እዚህ ሲደርስ ትዘጉታላችሁ፤ በእኛ ሰማይ የሚለካ ነገር የለማ!

«እንግዲያስ አያየንም» አለና አካፋውን አንስቶ ወጣ። የቀብር ማኅበራችን የቅሬው ዳኛ አይደል? የቅሬው ሰው ከተበተነ ወዲህ ቀባሪ ያጣውን ሁሉ የሚቀብር እሱ ነበር። «ባዳም ቢሆን ሰው እንደ ውሻ አይጣልም» እያለ፣ የምሰጠውን ቂጣ ለመንገደኛ እያደለ፣ በባዶ ሆዱ። ኧረ ተው፣ አንተም ሰው ነህ ስለው፣ «ይግዛው ሲያጣራ ይናገራል፤ ልጄን አውቀዋለሁ» ይለኛል። እንዲህ የሚያምንህን ሰው!

ማክሰኞ ለታ ሳይመለስ ዋለ። ጎረቤታችን አስካለና እኔ ፍለጋ ወጣን። ከቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ጋደም ብሎ አገኘነው።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር አስካለ እጄን ያዘችኝ። «መርዶ በደብዳቤ አይላክም፤ ብቻውን ሲያነበው ምን ይውጠዋል? አባትህ ሰላም ይልሃል በይው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ወጉ እንደዚያ ነው። መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ግራና ቀኝ ቆሞ። እዚያ በረዶ አገር ማንን ልላክብህ? አባዬ ሰላም ይልሃል ብዬ ልጽፍ ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለ።

አሁንስ ተረጋገጠልህ? ሂድና ተናገር! ያባርሩህ። ትምህርትህ ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?

እመቤቴ ማርያም ልብህን ታጽናልህ፣ አንደበትህንም ትፍታልህ። ብቻህን ግን አታልቅስ፣ ወንድምዬ። ፈረንጅም ቢሆን፣ የጎረቤትህን በር አንኳኳ።

እህትህ ፋንታዬ