ቆማ የተለካች

ጥር 6

ዛሬም ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር። አንዷ እናት ለሦስት ልጆቿ ዩኒፎርም አምጥታ ሦስቱንም በትልቁ ልክ ስፊልኝ አለችኝ። ያድጉበታል ነው የምትለው። ትንሿ እጅጌው ውስጥ ጠፋች። እሺ ብዬ ሰፋሁ። እኔን ምን አገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቴ እንደ ዳክዬ እየተራመደች መጣች። ብስክሌት መንዳት ከጀመረች ወዲህ በስሟ የሚጠራት የለም፣ ሰፈሩ ሁሉ ጥይት ነው የሚላት። ወንበር ሳብኩላት። ቆሜ ይሻለኛል አለች። ገባኝ። ክለቡ ዘንድሮም ለሴቶቹ ያደለው ከወንዶቹ የተረፈውን ቁምጣ ነው። ማንገቻው ደረቷን ይቆርጣታል፣ ወገቡ ይሰፋታል፣ ጭኑ ያንቃታል። የመቀመጫው ስፖንጅ ደግሞ የተሰፋው ወንድ በሚፈልገው ቦታ ነው።

ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ነው የዋለችው። አንዱ ባለሱቅ የሴት ነው ብሎ ያወጣላት ያንኑ የወንድ ትንሹን ቁጥር ነው... ሮዝ ስለሆነ ብቻ። ሴት ማለት ቀጭን ወንድ ናት እንዴ አልኩት አለችኝ። እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ጥር 9

እኔም እኮ ነድቻለሁ። ጥይት ገና ዳዴ ስትል። አሠልጣኙም ያው የአሁኑ ሰውዬ ነው፣ ያኔ ፀጉሩ ጥቁር ነበር። በወንድ ቁምጣ ሁለት ዓመት ደማሁ። አንድ ቀን ከኮርቻው መውረድ አቅቶኝ ሲያየኝ በሁሉም ፊት “ሰውነትሽ ለብስክሌት አልተሠራም፣ ልጄ፣ አትድከሚ” አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው የሚያናድደኝ። ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዚያው ቀረሁ።

ከዚያ እልህ ያዘኝ። ለራሴ አምስት ጊዜ ሰፍቼ አምስት ጊዜ ፈታሁ። በስድስተኛው ገባኝ። ቆሞ የተለካ ልብስ የሚሆነው ለቆመ ሰው ነው። መሪ ላይ ጎንበስ ሲሉ ጀርባ ይረዝማል፣ ሆድ ይታጠፋል፣ ጭን ይወጠራል። ስለዚህ ሴትዮዋን ኮርቻ ላይ አውጥቶ፣ አስጎንብሶ ነው መለካት። ግን ራሴን በራሴ አጎንብሼ መለካት አልቻልኩም። ሜትሩን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። እናታችን ታማ ተኝታለች፣ ጥይት ገና ሕፃን። በኋላ እናታችን ሞተች፣ ጥይትን አዝዬ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ። ያወቅኩትን ለማንም አልነገርኩም። ማን ጠየቀኝ?

ጥር 15

ጥይት “እትዬ፣ በቃ አንቺ ስፊልኝ” አለች።

መጋቢት ሁለት ቀን የምርጫ ውድድር አለ። ስድስት ሴቶች ተመርጠው አንድ ዓመት ሙሉ ውጭ ይሠለጥናሉ። ከስድስቱ ከቀረች ሌላ ዕድል ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ሊሞላት ነው፣ አሠልጣኙ ደግሞ ከሃያ አምስት በላይ ያለችውን አሮጊት ነው የሚላት።

አሠልጣኙን በሁሉም ፊት ይሄ ልብስ ለሴት አይሆንም አለችው አሉ። ስቆ፣ አሰፊ፣ ማን ከለከለሽ አላት። በቃ ይኸው ነው። ተናገረች፣ ምንም አልሆነችም። ልኮራባት አይገባም? ግን እኔ ስደማ ማን ሰፋልኝ?

ጥር 20

ጥይትን ለካሁ። ቆማ።

ብስክሌቷ በሩ ላይ ተደግፋለች። ሦስት እርምጃ ብትሆን ነው። ሜትሩን ይዤ ብስክሌቷን አየሁ፣ እሷን አየሁ። “ቀጥ በይ” አልኳት። ቀጥ አለች። ወታደር ትመስል ነበር። በቃ? አለች። በቃ አልኳት።

ጥር 27

ጨርቁን ቆረጥኩ። ጥሩ ጨርቅ ነው፣ የሚሳብ፣ ላብ የማይዝ። ስፖንጁን ሳላስበው ትንሽ ወደ ፊት አሳለፍኩት። የውስጡን ስፌትም ሳላስበው...

ሳላስበው? እዚህ ማንም በማያነበው ደብተር ላይ እንኳን ልዋሽ? አስቤ ነው። ኮርቻው የት እንደሚበላ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስፌቱን እዚያው ላይ አሳረፍኩት። ሁለቴ ደረብኩት፣ እንዳይፈታ።

የካቲት 12

ካለቀ አሥር ቀን ሆነው። መሳቢያ ውስጥ ነው። ጥይት በየቀኑ ትጠይቃለች፣ እኔ በየቀኑ ላስቲክ አልመጣም እላለሁ። አስቀድሜ ከሰጠኋት ለልምምድ ትለብሰዋለች፣ ሁለት ሰዓት ከነዳች ታውቃለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ላስቲኩ ነገ ይመጣል አልኳት። አመነችኝ። መቼ አላምን ብላኝ ታውቃለች...

የካቲት 29

ሰጠኋት። መስታወት ፊት ዞረች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ዞረች። ልክክ አለላት፣ ቆማ ነዋ። ሁለት ጓደኞቿ አብረዋት መጥተው ነበር፣ እንዴት ያለ እጅ ነው እያሉ በየተራ ጨርቁን ዳሰሱ። ሰፈሩን አንዴ ዞራ መጣችና ምንም የለበስኩ አይመስለኝም አለች። ሰፈሩን ለመዞር አምስት ደቂቃ ነው።

አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ። ፀጉሯ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

መጋቢት 2

ጠዋት በሩ ላይ ጫማዋን ስታስር ቆሜ አየኋት። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አሮጌውን ልበሺ። ከአፌ የወጣው “ውሃሽን እንዳትረሺ” ነው።

ዳገቱ ሥር ሄጄ ከሰዉ ጋር ቆምኩ። በመጀመሪያው ዙር ከፊት ነበረች። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ቆማ ስትነዳ አየኋት። ቆሞ ዳገት ይወጣል፣ ሜዳ ላይ ግን ቆሞ ስንት ይነዳል? ልትቀመጥ ትሞክራለች፣ እሳት እንደነካት ብድግ ትላለች። አጠገቤ የነበረ አንድ ሰውዬ ይቺ ልጅ ምን ሆነች አለኝ። ደክሟት ይሆናል አልኩት።

ዘጠነኛ ወጣች።

መጋቢት 4

ቁስሏን እኔ ነኝ የማጥብላት። አልጋው ላይ በሆዷ ትተኛለች፣ እኔ በሞቀ ውሃና በጨው... ሰምበሩ ከዚህ እስከዚያ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የመርፌውን እርምጃ ሳይቀር መቁጠር ይቻላል። ስፌቴን አወቅኩት። ድርቡንም።

ሲያማት ትራሱን ትነክሳለች። እትዬ እጅሽ ቀላል ነው ትለኛለች።

መጋቢት 9

መግል ያዘ። ክሊኒክ ወሰድኳት፣ ተቀደደ። ነርሷ ሦስት ወር ኮርቻ አይታሰብም አለች። ጥይት ለማሳየት ያመጣችውን ቁምጣ አየት አድርጋ፣ ሲያምር፣ ከየት ነው አለች።

መጋቢት 17

ጥይት ከአሠልጣኙ ተመልሳ መጣችና መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ለኔ ያለውን ነው ያላት። ቃል በቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ ቃል አልተማረም።

“እውነቱን ነው እትዬ” አለች። “ልብሱማ ምን ይውጣለት። በልኬ የተሰፋ ልብስ ለብሼም ከደማሁ ጥፋቱ የሰውነቴ ነው።”

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ብናገር ትተርፍ ነበር። ምን አደረግኩ? ሻይ አፈላሁ። ስኳር ሁለት ነው ሦስት? ብዬ ጠየቅኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ሻይ ያፈላሁላት እህቴን።

ሚያዝያ 3

ብስክሌቷን ለክለቡ መለሰች። ከዛሬ ጀምሮ ሱቁ ውስጥ አብራኝ ናት፣ ሁለተኛው መኪና ላይ። ክር ታስገባለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። እጇ ፈጣን ነው፣ አንዴ ያሳየኋትን አትረሳም። ምሳ አብረን በላን። አንዲት ደንበኛ፣ ልጅሽ ናት? አለችኝ።

ደስ ብሎኛል። ይሄንንም ልጻፈው። ደስ ብሎኛል።

ሚያዝያ 21

ጥይት አሁን ቁምጣ ትቆርጣለች፣ እጅጌ ታገባለች። መኪናዋ ሲሄድ ድምፁ ደስ ይላል። መንገድ ላይ ብስክሌት ሲያልፍ ግን እግሯ ከፔዳሉ ይነሳል። እስኪያልፍ ትጠብቃለች። እኔም አላየሁም እላለሁ።

ግንቦት 8

ጉዴ ፈላ።

ከስድስቱ አንዷ፣ ያቺ ቁምጣውን ስትዳስስ የነበረችው፣ ዛሬ መጣች። ጥይት ልብሱ እንከን የለውም ብላት፣ ከመሄዴ በፊት የጥይትን ዓይነት ስፉልኝ አለች። ጥይት ሜትሩን አንስታ ልጅቷን መስታወቱ ፊት ቀጥ በይ አለቻት። እኔ መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። ለሰው ስሰፋ አበላሽቼ አላውቅም፣ ሙያዬ ነው። ቀና ሳልል ከአፌ አመለጠኝ።

“ቆማ አትለኪያት፣ ብስክሌተኛ እኮ ናት። ኮርቻው ላይ አውጫትና አጎንብሳ ለኪያት።”

የጥይት ሜትር ቆመ። የኔም መኪና ቆመ።

“እኔን ቆሜ ነው የለካሽኝ” አለች።

ልጅቷ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች። ጥይት መቼ ነው ይሄን ያወቅሽው ብላ ጠየቀችኝ። በቅርቡ ልላት አፌን ከፈትኩ። ትምህርት አለ፣ ማሽን አለ፣ ሰው ነገረኝ ማለት አለ። ውሸቱ ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር።

“አንቺ ዳዴ ከምትዪበት ጀምሮ” አልኳት።

ለምን እውነቱን ተናገርኩ? ደክሞኝ ነው? ወይስ እንድታውቅልኝ ፈልጌ ነው... አላውቅም።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የልጅቷን ብስክሌት ወደ ውስጥ አስገብታ በጠረጴዛውና በግድግዳው መሃል አቆመችው። ልጅቷን አወጣቻት፣ አስጎነበሰቻት፣ ለካቻት። በትዕግሥት፣ ሁሉንም ሁለት ሁለቴ። እንዳስተማርኳት። ሲያልቅ ወደኔ ዞረች።

“አንቺም ውጪ።”

እትዬ አላለችም።

ወጣሁ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ቀሚሴን ሰብስቤ በሰው ብስክሌት ላይ ተንጠለጠልኩ። ልጅቷን፣ ጻፊልኝ አለቻት። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራች። ወገብ ዘጠና ስምንት። ዳሌ መቶ አሥራ ሁለት። ጭን ስልሳ ስምንት። ሆድ፣ ስታጎነብስ፣ መቶ አራት። በሩ ክፍት ነው፣ ዩኒፎርም ልትወስድ የመጣችው ሴትዮ ደፉ ላይ ቆማ ትሰማለች። ጥይት መቶ አራቱን ደገመችው። አልወረድኩም። መውረድ እችል ነበር፣ አልወረድኩም።

ግንቦት 9

አላናገረችኝም።

ግንቦት 16

ዛሬም። መኪናዋ ግን ይሄዳል። ምን እንደምትሰፋ አታሳየኝም፣ ስመጣ በክንዷ ትሸፍነዋለች። ምሳ ለብቻዋ ትበላለች።

ዛሬ ይቅር በይኝ አልኳት። ጥርሷ መሃል ክር ይዛ ነበር። ክሩን በጥሳ፣ ምን ቁጥር መርፌ ነው ይሄ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

ግንቦት 24

ሄደች። እዚያው ሰፈር፣ የድሮ ቡድን ጓደኛዋ ቤት። ልብሷን በሁለት ከረጢት፣ ሜትሩንም ወሰደች። እንድትቀር አልለመንኩም። በምን አፌ?

ሰኔ 11

ነርሷ ያለችው ሦስት ወር ሞላ። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ አየኋት፣ በተውሶ ብስክሌት፣ መብራቱ ላይ ቆማለች። የለበሰችውን ራሷ ነው የሰፋችው። ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ስፌቱ ላይ ነው፣ ልማድ ሆኖብኝ። ጀርባው አልወረደም፣ ጭኑ አልጨበጣትም። እንከን ፈለግኩ። አጣሁ። አየችኝ፣ አረንጓዴው በራ፣ ተቀምጣ ነዳች።

የዘንድሮዎቹ ስድስት ከሄዱ ሳምንት አልፏቸዋል። አራት ዓመት ትጠብቃለች። ወሰድኩባት።

ሰኔ 14

ሱቁን ስከፍት እጀታው ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ደብዳቤ የለው፣ ምን የለው። ቁምጣ ነው። ጥቁር። አውጥቼ ሜትር ፈለግኩ፣ ሜትሩ እሷ ጋ ነው። በስንዝሬ ለካሁት። መቶ አራት።

በሩን ዘጋሁ። ከጓዳ የድሮ ብስክሌቴን አወጣሁ፣ ጎማው ከሞተ ዘመን ሆኖታል። የኋላ ጎማው መሬት እንዳይነካ በሁለት በርጩማ ደግፌ በጠረጴዛውና በግድግዳው መሃል አቆምኩት። ቁምጣውን ለበስኩና ወጥቼ አጎነበስኩ።

የሆነ ቦታ ደብቃብኛለች ብዬ ነበር። አንድ ስፌት፣ አንዲት ቋጠሮ። ብታደርገው አይፈረድባትም፣ ከኔ በላይ ማን ያውቃል። ፔዳሉን እየረገጥኩ ጠበቅኩ። አላበኝ። ደንበኛ አንኳክቶ ሄደ። ሃያ ዓመቴ ላይ ይሄ ቢኖረኝ... አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ባዶ ሱቅ ውስጥ።

እንዲቆርጠኝ ስጠብቅ ሁለት ሰዓት ሞላ። የትም አልነካኝም።