እትዬ ላልሽኝ እናቴ

ለውዷ እናቴ፣ ለያልጋነሽ፤

በደብዳቤ ወግ «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ከተለየሽን ግን ስምንት ወር ሊሆን ነው፤ አሁን ለጤናሽ ብል ምን ይረባል። ፊደል ስላልቆጠርሽ በሕይወት ሳለሽ ቢሆንም ይህን ወረቀት የሚያነብልሽ ሌላ ሰው ነበር። እኔም የጻፍኩት ሰው እንዲያነበው ነው። የበደልኩሽ በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውን ጓዳ ገብቼ ልጠይቅሽ አልፈለግሁም።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ፤ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። ብሌን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። መሮጥ ለምዳለች፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ካልተከተልኩ ትላለች። ጫማዋን የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርጋ «እኔ ራሴ» ብላ ትቆማለች፤ ላስተካክል ብል መሬት ላይ ትዘረጋለች። ባለፈው የአባቷን ስልክ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክራ በሳሙና ስታሽ አገኘናት። ቆሽሿል አለች። አባቷ ዝውውሩ ተሳክቶለት ከአርብ ገበያ ወደ እኛው ንፋስ መውጫ መጥቷል፤ የሚያስተምረው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እሱ ይይዛታል። ጸጉሯን ሊጎነጉን ይሞክራል። አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሆኖ ስታዪው በሳቅ ትሞቺ ነበር። በሶውን እንዳንቺ ጭብጦ አድርጎ ካልሰጣት አትበላም፤ እሱም በስንት መከራ ለመደው።

አንድ ነገር ግን እንደተውሽው ነው። ብሌን እስከ ዛሬ እኔን እማ ብላኝ አታውቅም። እትዬ ነው የምትለኝ፣ ሠራተኛ የቤት እመቤቷን እንደምትጠራው።

ይህ ከየት እንደመጣ አንቺና እኔ እናውቃለን። ሌላው ሰው አያውቅምና ልናገር።

የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጅ የሚይዝልኝ አጣሁ ብዬ ደወልኩልሽ። መሬትሽን ለእኩል አራሽ፣ ላምሽን ለጎረቤት ሰጥተሽ በሦስተኛው ቀን ከስማዳ፣ ከወገዳ መጣሽ። መናኸሪያው ላይ ስትወርጂ ከጸጉርሽ እስከ እግርሽ አቧራ ነበርሽ፤ በአንድ እጅሽ በሶ የሞላ ስልቻ፣ በአንድ እጅሽ እግሯ የታሰረ ዶሮ። ዶሮዋን ለእኔ አስጨብጠሽ ልጅቱን ነጠቅሽኝ፤ ፊቷን አገላብጠሽ አየሽና ቁርጥ እኔን ናት ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን ልጄ ከጀርባሽ አልወረደችም። እኔ በሰላም ቢሮ ገብቼ በሰላም ወጣሁ።

ጥሩወርቅን ታስታውሻታለሽ። የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ በዕድሜም በሥራም ትበልጠኛለች፣ ቤቷ ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ነው። አንድ ቅዳሜ ልጅ ልትጠይቅ መጣች። አንቺ ግቢው ውስጥ ብሌንን አዝለሽ፣ ቀሚስሽን በመቀነትሽ ሸጉጠሽ፣ በዚያ በኮንጎ ጫማሽ ሆነሽ ልብስ ታጥቢ ነበር። ጥሩወርቅ አየችሽና ጥሩ ሰው አግኝተሻል፣ ከየት አመጣሻት አለችኝ።

«ከስማዳ ናት» አልኳት።

እማ፣ በቃሉ ውስጥ ውሸት ፈልጌ አጥቻለሁ። ከስማዳ ነሽ። «ናት» ማለቴም ልክ ነው፤ ሰው እናቱንም አንቺ ይላል፣ ሠራተኛውንም አንቺ ይላል። ጥሩወርቅ የፈለገችውን ሰማች፣ እኔም እንደሰማችው ተውኩት። አንዲት ቃል ብጨምር ይበቃ ነበር፤ አልጨመርኩም።

ለምን እንዳደረግሁት ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቼዋለሁ። ድንገት ጠይቃኝ ነው፣ ሥራ ላይ አዲስ ስለነበርኩ ነው፣ ኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው። አንዱም እውነት አይደለም። በዚያች ደቂቃ ጫማሽን አይቼ አፈርኩብሽ። ኮሌጅ ስገባ እኔ የቆዳ ጫማ እንዳደርግ ያንን ኮንጎ በሽቦ ሰፍተሽ ሁለት ክረምት እንዳደረግሽው እያወቅሁ አፈርኩብሽ።

አልሰማሽም ብዬ ነበር። እጅሽ አረፋ ውስጥ ነበር፣ ብሌንም ታለቅስ ነበር። ትንሽ ቆይተሽ ወደ በሩ መጣሽ። ጎንበስ ብለሽ፣ ዓይንሽን መሬት ላይ ጥለሽ ተናገርሽኝ።

«እትዬ፣ ልጅቱን ላስተኛት?»

እኔም አስተኚያት አልኩሽ። ደግሜ ልጻፈው መሰለኝ፤ እናቴ እትዬ ብላኝ እኔ አስተኚያት አልኩ። ጥሩወርቅ ጨዋ ናት ብላ አመሰገነችሽ።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ምስር እየለቀምሽ «ወርቄ፣ እመቤትነት ያምርብሻል» ብለሽ ሳቅሽ። አንቺ ሁሉን ነገር በቀልድ ነበር የምትሸኚው፤ አባቴ የሞተ ጊዜ እንኳ ካርባው በፊት ሰው አስቀሻል። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ብትሰድቢኝ ወይም ስልቻሽን አንስተሽ ወደ አገርሽ ብትመለሽ ኖሮ ምናልባት እነቃ ነበር። አንቺ ግን ምስሩን ለቅመሽ ጨረስሽ፣ ራት ሠራሽ።

ከዚያ በኋላ ሰው ባለበት ሁሉ እትዬ ሆንኩ። ቆይቶም ሰው በሌለበት። ምላስ አጥንት የለውም፣ ሰው ፊት እንዳይስትብኝ ልልመደው አልሽኝ። እትዬ ራት ቀርቧል፣ እትዬ ካፖርትሽን ልበሺ፣ ብርድ ነው። ተይ እማ ብልሽ የምትተዪው ነገር ነበር። አላልኩም። ነገሩ ተመችቶኝ ነበር። ባለቤቴ ከአርብ ገበያ በየሁለት ሳምንቱ ሲመጣ ጉልበትሽን ስሞ እማማ፣ እርስዎ ሲልሽ፣ በሩ ላይ ሰው እንዳይኖር ዓይኔ ይቅበዘበዝ ነበር። እሱ በመጣ ሰሞን እንግዳ እንዳይመጣብኝ አሞኛል እል ነበር። እሱ ፊት ወርቄ ስለምትዪኝ፣ የብሌንንም እትዬ የልጅ አፍ ስለሚያደርገው፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ምንም አያውቅም ነበር።

ብሌን አፏን ስትፈታ አንቺን እማ አለችሽ፤ እኔ እማ ስልሽ ነው የምትሰማው። እኔን ደግሞ እትዬ አለችኝ፤ አንቺ ስትዪኝ ነው የምትሰማው። ልጅ የሰማውን ነው የሚናገር። የዚያን ቀን ብቻ ደንግጠሽ አየሁሽ። ቀልድሽ ጠፋ። ጣቷን ይዘሽ ወደ እኔ እያመለከትሽ እማሽ እሷ ናት፣ እኔ አያትሽ ነኝ ስትዪ ዋልሽ። እሷ ጨዋታ መስሏት ትንከተከታለች። ያን ዕለት ራት አልበላሽም።

ገብሱ ሲደርስ ለውቂያው ደርሼ ልምጣ አልሽ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁሽ። ቲኬት መቁረጫው ጋ ከመሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር። ልስምሽ ጎንበስ ብዬ አየኋቸውና ቀና አልኩ። በእጅ ሰላም ብዬ በደህና ግቢ አልኩሽ። አንቺም እጄን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ዝቅ ብለሽ እሺ እትዬ ብለሽ ወጣሽ። በመስኮቱ ብሌንን ብቻ ነበር የምታዪው። ከዚያ በኋላ አላየሁሽም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተደወለ። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ስደርስ ቀብረውሽ ነበር። መቃብርሽ ላይ ወድቄ ጮህኩ። የሰፈርሽ ሴቶች ከአፈሩ እያነሱኝ ልጅ ማለት እንዲህ ነው፣ ያልጋነሽ ታድላ ተባባሉ። እነሱ ሲያመሰግኑኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የባሰው ንፋስ መውጫ ስመለስ መጣ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው እናቷ ሞተችባት ብሎ ለቅሶ ደረሰኝ። ፎቶሽን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ቆልፌበት ነበር፤ እንዳያውቁሽ። ጥሩወርቅ ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ስታጽናናኝ ቆየችና ያቺ ልጅ የምትይዝልሽ ሴትዮስ፣ በዚህ ቀን ለምን ከጎንሽ ጠፋች ብላ ጠየቀችኝ። አገሯ ገባች አልኳት። አየሽ፣ ይሄም እውነት ነው። እኔ ውሸት ሳልናገር ነው እናቴን ሁለት ጊዜ የካድኩ።

ብሌን በሰዉ መሀል እየዞረች እማስ፣ እማስ ትል ነበር። አንዷ ወደ እኔ እያሳየች ይቺውልሽ እማ አለቻት። ብሌን ራሷን ነቀነቀች፤ «እትዬ ናት» አለች። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሳቁ፤ ከሠራተኛዋ ሰምታ ነው አሉ። እኔ በነጠላዬ ተሸፋፈንኩ። የሚያለቅሱላትን ሰው እንዳያውቋት ያደረግሁ እኔ ነኝ፣ እነሱ ምን ያድርጉ።

እንዲህ እያለ ክረምት ገባ። ብሌን እማ እንድትለኝ ያላደረግሁት የለም። ከረሜላ አሳየኋት፣ ተቆጣኋት፣ ስትጠራኝ አልሰማም ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። ጀርባዬን የሰጠኋት ጊዜ እትዬ፣ እትዬ እያለች ቀሚሴን ጎተተች፤ ኋላ ጥግ ሄዳ እየተንሰቀሰቀች እማን ጠራች። የጠራችው አንቺን ነው። ምን እያደረግሁ ነው አልኩ ያኔ። የራሴን ውሸት ከሁለት ዓመት ልጅ ላይ ልነጥቅ እታገላለሁ።

ባለፈው ሰሞን ጥሩወርቅ ቢሮ ውስጥ ጠራችኝ። ልጇ ወልዳለች። ያቺን የስማዳዋን ሴትዮ አፈላልጊልኝ፣ እንደሷ ያለ ሰው አላየሁም፣ የልጄን ልጅ ለእሷ ብሰጣት እንቅልፍ ይወስደኛል አለችኝ። እሺ እጠይቃለሁ ብዬ ወጣሁ። ቤት ስገባ ሦስተኛው ክህደት ይሄ ነው አልኩ። ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ብሌንን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። በማግስቱ ቢሮ ገባሁ። ጥሩወርቅ ብቻዋን አልነበረችም፤ ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ። ልመለስ ብዬ ነበር፣ ግን ስማዳ ያልኩት በአንድ ሰው ፊት ከሆነ ይሄኛው በአራት ሰው ፊት ቢሆን አይበዛም ብዬ ቆምኩ።

«ሴትዮዋን ላገኝልሽ አልችልም። የሞተችው እሷ ናት። እናቴ ናት» አልኳት።

ጥሩወርቅ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እኔም ወደ ወንበሬ ሄድኩ። ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩ ተንኳኳ። ጥሩወርቅ ናት፤ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች። ፎቶዋ የት ነው፣ ስሟስ ማን ነው አለችኝ። ያልጋነሽ ብዬ ፎቶሽን ከሳጥኑ አውጥቼ ሰጠኋት። ወንበር ላይ ሸማ አንጥፋ አቆመችሽና ፊት ለፊትሽ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ስምሽን ዛሬ ነው ያወቅሁት፣ ይቅር በይኝ እያለች። እኔ ላጽናናት ስጠጋ «ለእሷ ነው የመጣሁ፣ ላንቺ አይደለም» አለችኝ። ልክ ነበረች። ጥግ ሆኜ ቆየሁ።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ገበያ ስሄድ አንቺና እሷ አጥር ጥግ ፀሐይ እየሞቃችሁ ትጨዋወቱ ኖሯል። እመቤትሽ እንዴት ይዛሻለች ብላ አንድ ቀን ጠይቃሽ ነበር።

«ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? እንደ እናቷ ነው የምታየኝ አለችኝ» አለችና ሄደች።

እማ፣ ውሸት ስትናገሪ ሰምቼሽ አላውቅም። አንድ ብትዋሺ ይህን ዋሸሽ፣ ያውም እኔን ልትሸፍኚ። እንደ እናቴ አላየሁሽም። እንደ እናቴ ሳላይሽ ሄድሽብኝ። ጥሩወርቅ ከዚያ ወዲህ ሰላም ትለኛለች፣ ከሰላምታ አታልፍም፤ አላስገድዳትም። ፎቶሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ሲከፍቱት ፊት ለፊት ይታያል። ብሌን ጠዋት ከጭብጦዋ ቆርሳ ልታጎርስሽ ትሞክራለች፤ መስታወቱን በሶ በበሶ አድርጋዋለች፣ እኔ እወለውለዋለሁ።

የምገባልሽ ቃል ብዙ አይደለም። ልጅሽን ማን አሳደገልሽ ላለኝ ሁሉ ስምሽን እጠራለሁ፣ እናቴ ናት እላለሁ፤ ሰው ሳይጠይቀኝም እላለሁ። ለሙት ዓመትሽ ብሌንን አዝዬ ስማዳ እመጣለሁ። ነፍስ ስታውቅ ደግሞ ለምን እትዬ ስትለኝ እንዳደገች ትጠይቀኛለች። ጫማሽንም፣ መናኸሪያውንም፣ ሳጥኑንም ሳልደብቅ እነግራታለሁ። ሁሉን ከሰማች በኋላ እማ ትበለኝ ወይም አትበለኝ፣ እሷ ትወስን።

ልጅሽ