ለዱዱ የሚሆነው ኮርቻ

እሑድ፣ ጥር 16

ሁለት ኮርቻ ሳሎኑ መሃል ተቀምጧል። ማዳም አንሶላ አስነጥፋኝ ነው ያስቀመጠቻቸው። ወለሉን ስወለውል እየዞርኳቸው ዋልኩ። አንዱ ቆዳው ላይ መልሕቅ ታትሞበታል፣ ሌላው ሚዳቋ። የማርካቸው ስም በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ እኔ ባለ መልሕቁና ባለ ሚዳቋው እላቸዋለሁ። ማዳም እስከ ዓርብ አንዱን መርጣ መግዛት አለባት። ዓርብ እዚህ ጅቡቲ የፈረስ ትርዒት አለ።

ባለ መልሕቁን አውቀዋለሁ። መስከረም ላይ ልጄ ሰላም ከፈረሱ ከዱዱ ላይ ስትወድቅ፣ ጀርባው ላይ የነበረው የዚሁ ማርክ ኮርቻ ነው። በማግስቱ ሞተች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

ዱዱ የማዳም ፈረስ ነው። ዘሩን ኮብ ይሉታል። እግሩ አጭር፣ አንገቱ ወፍራም፣ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ የሰፋ። ለትርዒት ሲሆን ጋማውን ይላጩታል። ፈረስ ቤቱ ውስጥ ሰላም ነበረች የምትይዘው። ታጥበዋለች፣ ትጭነዋለች፣ ለአሰልጣኙ ታሟሙቅለታለች።

አሰልጣኙ ግርማ ይባላል፤ ያገራችን ሰው ነው። ልጄ በወደቀች ጊዜ «የሆዱን ጠፍር አላጠበቀችም፣ ጥፋቱ የራሷ ነው» ብሎ ለፈረስ ቤቱ ፈረንጆች ሁሉ ተናገረ። ፈረስ ቤቱ ወረቀት ላይም እንዲሁ ተጻፈ። ባለ መልሕቁን ማርክ አስመጥቶ የሚሸጠው ግን ራሱ ግርማ ነው። ይሄ አልተጻፈም።

ማዳም ጉልበቷን ስለሚያማት ዓርብ ዱዱን የሚጋልበው እሱ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 17

ሰላም ነግራኝ ነበር። አንዴ ብቻም አይደለም። «እማ፣ ኮርቻው ለዱዱ ጠቦታል። ትከሻው ላይ ይቆነጥጠዋል። ለግርማ ብነግረው አይሰማኝም።» እኔ ምን አልኳት? «አለቃሽ ነው፣ ዝም በዪ፣ እንጀራሽን ጠብቂ።» ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እዚህ ብቻ ጻፍኩት።

ዛሬ ምሳ ሳቀርብ ማዳም ወደ ኮርቻዎቹ እያየች ጠየቀችኝ። «ሰላም ብትኖር የትኛውን ትመርጥ ነበር?» አፍታም አልቆየሁ። ባለ መልሕቁን አልኳት። ሳህኑን ይዤ ወደ ኩሽና ተመለስኩና በሩን ዘግቼ ቆምኩ። የምሥራች እንደሰማ ሰው ነበር የሆንኩት።

ዓርብ ማየት የምፈልገው፦
የግርማ ነጭ ሱሪ አፈር ሲለብስ።
ቆቡ ለብቻው ሲንከባለል።
ወንበር ላይ የተቀመጡት ፈረንጆች ብድግ ሲሉ።
እሱ ሲነሳ፣ ወይም ሳይነሳ ሲቀር።

የመጨረሻውን ልሰርዘው አልኩና ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 18

ማዳም ባለ መልሕቁን ቅባት ቀቢው አለችኝ። ካርቲየ ሰባት ሰፈር ሄጄ የቆዳ ቅባት ብጠይቅ ባለ ሱቁ የጫማ ቀለም አወጣልኝ። «የኮርቻ ነው» ስለው እስኪያስለው ሳቀ። «እናት፣ ጅቡቲ ውስጥ ምን ልትጋልቢ ነው? ታክሲ ነው ያለው!» እኔም ሳቅሁ። ከመስከረም ወዲህ ሰው ፊት ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ቅባቱን ከሦስተኛው ሱቅ አገኘሁ።

ከሰዓቱን ሙሉ ስቀባ ዋልኩ። ስፌቱን በጥርስ ብሩሽ ጠረግሁት። እርካቡን እስኪያበራ ወለወልኩት። ለሰርግ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ ያዘጋጀሁት ነገር የለም። ማዳም አይታ «እጅሽ ይባረክ» ዓይነት ነገር አለች።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ዱዱ ሲፈራገጥ ሌላ ሰው ቢረግጥስ? ከዚያ ደግሞ፣ ሰዉ ከአጥሩ ወዲያ ነው የሚቀመጠው አልኩ። ለራሱ ለዱዱ አላዝንለትም። እሱም ነው የጣላት።

ረቡዕ፣ ጥር 19

ራሴን በገዛ እጄ አነቅሁ።

ግርማ ኮርቻውን ሊወስድ ረፋድ ላይ መጣ። «እንዴት አደሩ፣ እናቴ?» አለኝ። እናቴ ሲለኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። ማዳም ደስ ብሏት ነገረችው፤ ሰላም ትወደው የነበረው ይሄን ነው፣ እናቷ ናት የነገረችኝ ብላ። በፈረንሳይኛ ነው፤ የኩሽና ፈረንሳይኛዬ እስከዚህ ይደርሳል።

ግርማ መጀመሪያ ኮርቻውን አየ። ቀጥሎ ፊቱ ሲበራ አየሁት። «አየሽ ማዳም? ኮርቻው ደህና እንደሆነ ልጅቷም ታውቅ ነበር። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ ጥፋቱ የአጫጫኗ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «አይዞዎት እናቴ፣ ልጅነት ነው። ቸኩላ ነው» አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እሱን ልጥል ብዬ ልጄን ለእሱ ምስክር አደረግኳት። ቢወድቅ እንኳ ፈረሱ ክፉ ነው ይባላል፤ የሰላም ስም ግን እዚያው ወረቀት ላይ እንደተበላሸ ይቀራል። ይሄ እንዴት አልታየኝም?

ኮርቻውን አንጠልጥሎ ሲወጣ ማዳም ፊት ቆምኩ። «ዋሽቼዎታለሁ» አልኩ። ሰላም የነገረችኝን ሁሉ፣ ቃል ሲጠፋኝ እጄን የፈረስ ጀርባ አስመስዬ፣ እየቆነጠጥኩ አሳየኋት። ማዳም ቀይ ሆነች።

«እንዲወድቅ ፈልገሽ ነው?»

«አዎ።»

«ሊሞት ይችል ነበር!»

«አዎ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አራት ወር ሙሉ እዚህ ቤት ስትኖሪ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«አልጠየቁኝማ» አልኳት።

ማዳም ታባርረኛለች ብዬ ልብሴን ሰበሰብኩ። አመሻሹ ላይ የኩሽናውን በር ከፍታ «ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ፤ ሁለቱንም እንፈትናለን» ብላኝ ሄደች።

ሐሙስ፣ ጥር 20

ፈረስ ቤቱን ከቀብሩ ወዲህ አልረገጥኩትም ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። ማዳም ክንዴን ይዛ አስገባችኝ።

እንዴት እንደሚፈተን ሰላም አስተምራኛለች። ፈረሱ ላብ በላብ እስኪሆን ይጋለባል። ኮርቻው ሲነሳ ከሥሩ ያለው ጀርባ እኩል መራስ አለበት። በላቡ መሃል ደረቅ ቦታ ካለ፣ እዚያ ጋ ኮርቻው ተጭኖ ላቡን ዘግቶታል ማለት ነው።

ማዳም ግርማን በባለ መልሕቁ ጋልብ አለችው። ሦስት ፈረስ ጠባቂዎች ሥራቸውን ትተው ቆመው ያያሉ። ዱዱ ገና ከመነሻው ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ፤ ጭራውን ይወነጭፋል። ግርማ ዙሩን ጨርሶ ወርዶ ኮርቻውን አነሳ። ጀርባው ሁሉ ውሃ ነው። ትከሻው ግራና ቀኝ ግን መዳፍ መዳፍ የሚያክል ቦታ ክው ብሎ ደርቋል።

«ንፋሱ ነው ያደረቀው፣ እናቴ» አለ ግርማ።

«ንፋሱ ኮርቻው ሥር በየት በኩል ገባ?» አልኩት።

አንዱ ፈረስ ጠባቂ ሳቁ አመለጠው። ማዳም አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ደረቁን ቦታ በጣቷ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ቡናማው ጠጉር መሃል ነጭ ጠጉር በቅሏል። በሌላው በኩልም፣ እዚያው ትክክል ላይ። ፈረስ ጠባቂው እንዳስረዳን፣ ነጭ የሚበቅለው ኮርቻ ቆዳውን ከጎዳው ከወራት በኋላ ነው። ማዳም በጣቷ ወራቱን ወደ ኋላ እስከ መስከረም ቆጠረች። እኔ መቁጠር አላስፈለገኝም።

ዱዱን አጥበው፣ አሳርፈው በባለ ሚዳቋው ደገሙት። ጆሮው ቀና አለ። ጀርባው እኩል ረጠበ።

ማዳም ግርማን ጠየቀችው። «ሰላም ይሄን ነግራህ ነበር?»

«ብዙ ነገር ትል ነበር» አለ፤ መሬት መሬት እያየ።

ነግራዋለች ማለት ነው። ሁሉም ሰማ። ዱዱ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ጣላት ብዬ ስጠላው የኖርኩት እንስሳ ለካ ሲያመው ኖሯል። አልዳሰስኩትም። ግን አልሸሸሁትም።

ዓርብ፣ ጥር 21

ማዳም ባለ ሚዳቋውን ገዛች። ያኛውን መለሰች። የሚጋልብ ሌላ ሰው በአንድ ቀን ስላልተገኘ ግርማ ራሱ ጋለበ። አልወደቀም። ሁለተኛ ወጣ፤ ሰው አጨበጨበለት። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። ቢወድቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ እዚህ ላይ አልዋሽም።

ማዳም ለፈረስ ቤቱ ኃላፊዎች ደብዳቤ ሰጥታለች፤ ከዱዱ ጀርባ ፎቶ ጋር። ጥፋቱ የሰላም አይደለም የሚል። አንብባ በቀላል ቃል ተረጎመችልኝ። ወረቀቱን ያርሙታል፣ አያርሙትም፣ ገና አልታወቀም።

ትርዒቱ አልቆ ዱዱን ሲያጥቡ ግርማ ቧንቧው ጋ ብቻዬን አገኘኝ። ዛሬ እናቴ አላለኝም። «እትዬ ዘነበች፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ ውሃው ድምፁን እየዋጠው።

«እዚህ አይደለም» አልኩት። እንግዶቹ ወደተቀመጡበት በአገጬ አሳየሁት። «ጥፋቷ ነው ስትል ለእነሱ ነው የነገርከው። ሄደህ ለእነሱ ንገራቸው።»

ወንበሮቹን አያቸው። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ቧንቧውን ዘግቶ በጓሮ በኩል ወጣ።

ይሂድ። ማዳም ከእንግዲህ በየሳምንቱ የዱዱን ጀርባ የማየው እኔ እንድሆን ወስናለች። ኮርቻውን የሚያነሳልኝ ግርማ ነው። እሑድ እሄዳለሁ፣ የሚቀጥለውም እሑድ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። እስኪነግራቸው ድረስ በሄድኩ ቁጥር ፊቱን አየዋለሁ፤ ወንበሮቹም እዚያው ናቸው።