መዳሜን እኔ አድርገው ላረጋገጡልኝ ኡስታዝ

ለተከበሩ ኡስታዝ ሙንተሲር፣
በፖስታ ቤት የዲጂታል ማንነት ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ፣
ኻርቱም።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰቡስ፣ ኮምፒዩተሩስ፣ ኔትወርኩስ ደህና ነው? እኔ ጀብራ ሰፈር ሰው ቤት የምሠራው የወሎዋ ፋሪሃ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ካረረው አንጀቴ በቀር ደህና ነኝ። የምጽፍልዎ ለምስጋና ነው።

፩ኛ. የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ሣጥንና ዲጂታል ፊርማ ላወጣ የመጣሁ ዕለት፣ አረብኛዬ ሲሰባበር ሰምተው በእናትዎ ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ። እናትዎም እንደ እኔ ሰው ቤት ሠርተው እንዳሳደጉዎት ነግረውኝ፣ «እህቴ፣ ደብዳቤሽን ካንቺ በቀር አላህ ብቻ ነው የሚያየው» ብለው ሲምሉልኝ፣ የወንድም ያህል አመንኩዎት።

፪ኛ. የስልኬ ሲም በአሠሪዬ በመዳም ኢንቲሳር ስም የወጣ መሆኑን፣ እዚህ የምንሠራ ሴቶች ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እስክናገኝ እንዲሁ እንደምናደርግ ሳልደብቅ ነግሬዎት ነበር። «ማዕሌሽ፣ ግድ የለም፣ መስመሩ ከሠራ ይበቃል፤ ያላ፣ ፈርሚ» ማለትዎን አልረሳውም።

፫ኛ. ሶባ ያለ አንድ ክሊኒክ በጽዳት ሠራተኛነት እንደተቀበለኝ በእናንተው የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አሳወቀኝ። ሰባት ዓመት ያላገኘሁት የጁምዓ እረፍትና በራሴ ቁልፍ የምከፍተው የኪራይ ክፍል የእኔን እሺታ ብቻ ይጠብቁ ነበር። መዳም ይህን ሲሰሙ፣ ሲሙ በስማቸው ነውና ሄደው ምትክ አወጡ፤ በስልኩ በሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር ጥብቅ የምትሉትን የደብዳቤ ሣጥኔን ከፈቱ፤ በእኔ ዲጂታል ፊርማም «ሥራውን አልፈልግም» ብለው መለሱ። ክሊኒኩ በሳምንቱ ሌላ ሰው ቀጠረ።

አቤት ልል ስመጣ አማርኛው ጠፋብዎት። በአረብኛ፣ ያውም ማኅተም ባረፈበት ወረቀት፣ ፊርማው የራሴ የፋሪሃ መሆኑን መሰከሩብኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። መዳምስ ባዕድ ናቸው፣ ብዙም አልቀየማቸውም፤ እርስዎ ግን እያወቁ ጨከኑብኝ፣ እሱ ነው ያንገበገበኝ።

የማረጋገጥ ሥልጣንዎን አላህ ያስፋልዎ እያልኩ፣ ለማኅተምዎ ጭምር እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

እኔ መሆኔ እስካሁን ያልተረጋገጠው፣
ፋሪሃ ሙሄዲን

ግልባጭ፦ በመዳሞቻቸው ሲም ሊመዘገቡ ሰልፍ ለያዙ እህቶቼ በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሰጡኝ ምስክር ወረቀት መሠረት ፋሪሃ ማለት መዳም ኢንቲሳር ናቸው። ስለዚህ የትናንቱ እንግዳ ሳህንና የአምስት ልጆች ልብስ እንደሚጠብቃቸው ይንገሩልኝ። እኔ ዛሬ ጠዋት ከቤቱ ወጥቻለሁ።