ጋሽ በላይ በቁማቸው ያስጻፉት የሕይወት ታሪክ

ሰኞ

«ባስ ነጂ የሚለውን ሰርዢው» አሉኝ ዛሬም።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«የትራንስፖርት ባለሙያ።»

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ባስ ሲነዱ የኖሩ ሰው! እዚህ ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ ስንቱ ሰው ነው በእሳቸው ባስ ሥራ የገባው። ሰረዝኩት። ሲወጡ መልሼ ጻፍኩት።

ጋሽ በላይ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ዓርብ ልባቸውን ኦፕሬሽን ይደረጋሉ። ሐኪሙ አይዞዎት ብሏቸዋል፤ እሳቸው ግን በቅርቡ የጓደኛቸው ቀብር ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ሰምተው ተቃጥለው ነው የተመለሱት። የትውልድ ቦታው ስህተት፣ የተማረበት ትምህርት ቤት ስህተት፣ ጠጪ የነበረውን ሰውዬ ጾመኛ አድርገውት አረፉ። «ሬሳ ተነሥቶ አይከራከር!» አሉኝ። ስለዚህ የራሳቸውን ሳይሞቱ አስጽፈው፣ አርመው፣ ፈርመው ሊሄዱ ነው።

ለዕድራችን ሰዎች እንዲህ ያለውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ማን እንደ ሾመኝ አላውቅም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፣ አነባለሁ፣ ብዙ አልናገርም፤ ሰዎች ይህንን ሲያዩ ጊዜ ያላት ይመስላቸዋል።

በመጨረሻ ላይ «ልጆች» ወደሚለው ስንደርስ ሻዩን በማንኪያ ማማሰል ጀመሩ። ስኳር አይጠቀሙም።

«የሉትም ብለሽ ጻፊ» አሉ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ሻይ ልጨምርልዎ ብዬ ተነሣሁ። እንዲህ ነኝ እንግዲህ።

ማክሰኞ

ትልቁ የማጠቢያ ማሽን እንደገና ቆመ። የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ ማሽን ሲቆም አንሶላው አይቆምም። ማናጀሯ መጥታ ክምሩን አልፋ «ብርቄ፣ ኦንላይን ትሬኒንጉን ኮምፕሊት አላደረግሽም» አለችኝ። ስለ አንሶላ አያያዝ የሚያስተምር ቪዲዮ ነው። አንሶላ ታቅፌ ነበር የቆምኩት።

የዛሬ ብስጭቶች፦ ማሽኑ። ቪዲዮው። ባለቤት የሌለው ካልሲ። ባስ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ በስፒከር ከሚስቱ ጋር የተጣላ ሰው፤ ሚስቱ ልክ ነበረች።

የጀመርኩት ልብ ወለድም አበሳጨኝ። ሁሉም ያፈቅራል፣ ይከዳል፣ ያለቅሳል፤ ልብስ የሚያጥብ አንድ ሰው የለም። ያን ሁሉ እንባ የጠረጉበትን መሐረብ ማን ነው የሚያጥበው? ቢሆንም አልተውኩትም። እኔ ፊደል የለየሁት ልጅ ሆኜ ሱቅ ስሠራ፣ ስኳር ከምንጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ወሬው ሁልጊዜ መሀል ላይ ተቀድዶ ይቀር ነበር። ከዚያ ወዲህ መጨረሻ ያለውን ነገር ትቼ መነሣት አይሆንልኝም።

«የሉትም።» ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነበረች።

ጋሽ በላይ ልጅ አላቸው። ሩት ትባላለች፣ እዚሁ ለንደን ባተርሲ ትኖራለች። እናቷ እትዬ አበበች የማስታወስ በሽታ ሲጠናባቸው፣ ምድጃ አብርተው ሲረሱ፣ ሌሊት በነጠላ ጫማ ወጥተው ሲጠፉ፣ እኔ ወደምሠራበት ቤት ያስገባቻቸው እሷ ናት። ጋሽ በላይ ይህንን እንደ ውርደት ቆጠሩት። «እናቷን ለፈረንጅ ጣለች» አሉ። ዕድሩም አብሯቸው እንዲሁ አለ። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ መጥተው አያውቁም።

እትዬ አበበች ሲያርፉ ጋሽ በላይ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፊ አሉኝ፤ የመጀመሪያዬ ነበር። «ቤቷ ውስጥ፣ በባሏ እንክብካቤ ሥር አረፈች በይ። ስለ ልጅ አታንሺ» አሉኝ። የእትዬ አበበችን የሌሊት ልብስ በእጄ ነበር የማጥበው። በየሳምንቱ ማን እየመጣ እንደሚያጎርሳቸው በዓይኔ ነበር የማየው። ያሉኝን ጻፍኩ። አሳምሬም ጻፍኩት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነበብ ሴቶቹ አለቀሱ፤ ሩት ተነሥታ ወጣች።

ማንም አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲህ በጻፍኩት ሁሉ ሥር ግን ይህ ነገር አለ።

ረቡዕ

ከሥራ ገና መግባቴ ነው፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም፤ በሩን አንኳኩ። ወረቀቱን ቀይ በቀይ አድርገውታል።

«ይሄ ምንድነው? ‹ሮጠው ለሚመጡ ሰዎች ባሱን ያቆሙ ነበር›?»

«እውነት አይደለም?»

«እውነት ስለሆነ ነዋ! ክልክል እኮ ነው። ከሥራ ያባርሩኛል።»

«ጡረታ ወጥተዋል፣ ጋሽዬ።»

«ጡረታዬን ይቆርጡብኛል።»

«ይህ የሚነበበው ከሞቱ በኋላ ነው!»

ትንሽ አሰቡ። «ይሁን። ግን ‹አልፎ አልፎ› ጨምሪበት።»

ሳልወድ ሳቅሁ። እንዲህ ያለውን ሰው «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ሃይማኖተኛ» ብሎ መቅበር ግፍ ነው። እንደዚያ ካልን ሁላችንም አንድ ሰው ነን፤ አንድ ወረቀት አባዝቶ ማደል ይበቃል። እኔ አንድ የእሳቸው ብቻ የሆነች መስመር አገኘሁ ብዬ ተደስቼ ነበር። ደስታዬ እንኳ አልበረደም።

«ልጆችን አልጻፍሽም» አሉ።

«ባዶ ትቼዋለሁ።»

«የሉትም በይ አልኩሽ እኮ።»

«አልልም።»

ከአፌ እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም። እሳቸውም ያልሰሙ መስለው ጆሮአቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«የማን ታሪክ ነው የምትጽፊው፣ የእኔ ነው የአንቺ?»

«የእርስዎ ነው። ሩትም የእርስዎ ናት።»

«ስሟን እዚህ አትጥሪ!»

«እትዬ አበበች ላይ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ። ሁለተኛ አልዋሽም። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ተፈራ አለልኝ» ብለው ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ መነጨቁት። አቶ ተፈራ የዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ አንድ የሕይወት ታሪክ አለው፣ ስም ብቻ እየቀያየረ ያነባል። «በሉ እንኳን አለልዎ!» አልኩኝ፤ ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ።

ሽንኩርት ከተፍኩ። ሽንኩርቱ የሚፈለግ አልነበረም፤ ትናንት የሠራሁት ወጥ አለ። ልቡ ሊቀደድ ሁለት ቀን የቀረውን ሽማግሌ ጮኸሽ ሰደድሽ፤ ጎበዝ!

ሐሙስ

ወደ ላይ ወጥቼ ይቅርታ ልበል? አልልም። ልበል? ጠዋት ደረጃው ላይ ቆሜ ቆሜ ባስ አመለጠኝ። የዛሬው ነጂ ስሮጥ እያየኝ ሄደ። ለጋሽ በላይ ብነግራቸው ደስ ይላቸው ነበር።

ማሽኑ ተሠራ። ትሬኒንጉንም ጨረስኩ፤ አለፍሽ አለኝ።

በምሳ ሰዓት ሩት ጋ ደወልኩ። እናቷ እኛ ጋ ሳሉ «ልብስ ከጠፋባት ደውይልኝ» ብላ የሰጠችኝ ቁጥር ነው። ተቀይሯል ብዬ ነበር፤ ተስፋም አድርጌ ነበር።

«ሃሎ? ሶሪ፣ ማን ልበል?»

«ብርቄ ነኝ፣ የአባትሽ ጎረቤት።»

«ሞተ?» አለች።

«ኧረ በስመ አብ! ነገ የልብ ኦፕሬሽን አላቸው። ማወቅ አለባት ብዬ ነው።»

«እሱ ነው ደውይ ያለሽ?»

አዎ ብል ኖሮ ሁሉ ነገር ይቀልል ነበር። አላሉኝም፣ ቢሰሙ ይቆጣሉ አልኳት።

«ሶ፣ ለምን ደወልሽ?» ቁጣ አልነበረውም ድምጿ፤ የደከመ ነው። ለንደን ተወልዳ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ በየመሀሉ እየተሰበረ፣ ታላቋን «አንቺ» እያለች።

«ያን የእናትሽን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «አባትሽ ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ። ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር።»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ» አለች። «ዳዲ እንደዚህ ቆንጆ አማርኛ አይችልም።»

በሕይወቴ ጽሑፍሽ ቆንጆ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው እንዲህ መጣልኝ። ሚቲንግ አለኝ ብላ ዘጋችው። የትኛው ሆስፒታል ነው እንኳ አላለችም። እኔው በጽሑፍ ላክሁላት። አልመለሰችም።

ዓርብ

ሥራ ላይ ስልክ ክልክል ነው፤ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከትቼ ዋልኩ። ንዝረት በመሰለኝ ቁጥር አንሶላ ጣልኩ።

ከሰዓት ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ። «ቤተሰብ ነሽ?» አለችኝ ልጅቷ። ጎረቤት ነኝ። ይቅርታ፣ ለቤተሰብ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ካነሣው ብዬ እንደገና ደወልኩ፤ እሷው። «ይህንን ሰውዬ ከልደታቸው ጀምሮ ጽፌአቸዋለሁ» ማለት አማረኝ፤ በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ልብ ወለዱን ጨረስኩት። መጨረሻ ላይ ሁሉም ታረቀ። ወረወርኩት።

ቅዳሜ

ሄድኩ። ምን ይሉኛል ብዬ አልተጨነቅሁም ብል ይህ ማስታወሻም ውሸት ይሆናል። ሁለት ብርቱካን ይዤ፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ።

አሉ። ከንፈራቸው ደርቋል፣ አፍንጫቸው ላይ ቱቦ አለ፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ሩት አልጋው አጠገብ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ እዚያው ናት። እሷ ስልኳን ታያለች፣ እሳቸው ኮርኒሱን።

«ወሬኛ!» አሉኝ ገና ሲያዩኝ። ድምፃቸው ቀጭን ሆኗል። «እንደ ሬዲዮ ስታሰራጪ ዋልሽ።»

«እግዚአብሔር ይማርዎ፣ ጋሽዬ።»

«ተፈራ የጻፈውን አየሽው? ‹ሰው አክባሪ› ይለኛል። እኔ?»

ሩት ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ሊስቁ ሲሉ ደረታቸውን ያዙ፤ ስፌቱ ነው። እሷ ብድግ ብላ ትራስ አስደገፈቻቸው። እሳቸውም አልከለከሏትም። ነርሷ መጥታ ሁለታችንን እያየች የማን ማን ናችሁ አለች። ሩት ዝም አለች፤ ሆን ብላ ነው፣ አወቅሁት። እኔ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጋሽ በላይ ኮርኒሱን አዩ፣ ብርቱካኑን አዩ።

«ማይ ዶተር፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ ዶቃ የሚያህል ነገር እንደ ዋጠ ሰው። እኔን ጎረቤታቸውን በአገጫቸው እያሳዩ ደግሞ «ኔበር። ትራብል።»

ወረቀቱ ላይ ልጨምራት ወይ ብዬ ስጠይቅ «ገና አልሞትኩም፣ ምን አስቸኮለሽ!» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሩት እስከ ሊፍቱ ሸኘችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «የእማዬን እንደገና ጻፊልኝ» አለችኝ። «ቸርች ውስጥ አይነበብም። አንቺ ታነቢልኛለሽ፣ እኔ እሰማለሁ። ደግሞ ጥሩ ብቻ አታድርጊያት። ቴሌቪዥኑን እያየች ትሳደብ ነበር እኮ።»

እሑድ

ከጠዋት ጀምሮ ሩት የድምፅ መልእክት ትልካለች። እማዬ ዓሣ አትበላም ነበር። ኖ ኖ፣ ትበላለች፣ የተጠበሰውን። ያን ሰማያዊ ሹራብ እንዳትረሺ። የሳቋን ነገር እንዴት ትጽፊዋለሽ? ቁርጥ አባቷን! ስልኩን ሌላ ክፍል ወስጄ በር ዘጋሁበት።

ስቀመጥ ስነሣ ዋልኩ። የለመድኩት መግቢያ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» እያለ እጄ ላይ ይመጣል። እቀድዳለሁ፣ እጥላለሁ። ለማስለቀስ መጻፍ ይህን ያህል አድክሞኝ አያውቅም።

ሲመሽ አንድ መስመር ቆመልኝ፦ «ወይዘሮ አበበች ያረፉት ቤታቸው ውስጥ አይደለም።»

ሁለተኛው መስመር እስካሁን አልመጣም።