ለጸሎት ብዬ ያወጣሁት ምስጢር

ርሆቦት ልጄ፣ ጫማሽን ሳታወልቂ ይሄን አንብቢ።

ያን የነገርሽኝን ነገር አውጥቼዋለሁ። ስንት መሥሪያ ቤት የሰው መረጃ የሚያስቀምጥበት፣ ማንም በነፃ የሚወስደው ፕሮግራም ላይ ቀዳዳ አገኘሁ ያልሽኝን። ክፉ ሰው በዘዴ ከጠየቀው፣ ሜሞሪው ውስጥ የያዘውን የሌላ ሰው ምስጢር ይዘረግፍለታል ብለሽኝ ነበር። "ሠሪዎቹ እስኪደፍኑት ለማንም እንዳይናገሩ፣ እማማ" ብለሽም ለምነሽኛል።

ትናንት የቤት ለቤት ኅብረታችን ላይ የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ "ለርሆቦት ጸልዩላት" አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። ስጸልይ እንዳልረሳው መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ የጻፍኩትን የፕሮግራሙን ስም አውጥቼ፣ ቀዳዳ አገኘችበት ብዬ አነበብኩላቸው።

እግዚአብሔር ያያል፣ ለጸሎት ብቻ አልነበረም። የወለድኳቸው ልጆች ከደወሉ ስንት ጊዜያቸው፤ ቤቴ ያለሽው አንቺ ነሽ። እኔም የምኮራበት ሰው እንዳለኝ ላሳያቸው ፈልጌ ነው።

ኮምፒውተር የሚጠግነው አማኑ እዚያው ነበር። ዛሬ ጠዋት ቴሌግራም ላይ ለጥፎታል፤ ስንት ሰው አይቶታል አሉኝ። አሁን 18 ማዞሪያ ሰፈር፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ ላስጠፋው ነው። ያዩትን ዓይኖች ግን ምን አደርጋቸዋለሁ።

ውሃ ስለመጣ በርሜሉን ሞልቼዋለሁ። ምስር ወጥ አለልሽ፣ አሙቂው።

ፊትሽን ለማየት አፍሬ ነው በወረቀት የማወራሽ።

ከመብላትሽ በፊት ግን ለሠሪዎቹ ጻፊላቸው። ወሬው ወጥቷል፣ ሌባ ሳይቀድማችሁ ድፈኑት በያቸው። ማን አወጣው ካሉሽ፣ ስሜን እንዳትደብቂልኝ።

ጥሩሰው