ጋሽ ገብረ ጻድቅ ከበር የተመለሰ ዕለት

ለወንድሜ ለቴዎፍሎስ፣

የጁባ ሙቀት እንዴት አድርጎህ ይሆን? ያ ሲበርድም ሲሞቅም የሚይዝህ ወገብህስ ተሻለህ? ጋራዡስ፣ ሥራው እንዴት ነው? እኛ እዚህ፣ እኔም ባለቤቴ ባዩም ልጃችን ራሔልም፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። አንኮበር ያለችው እማዬም ዓይኗ ደከም ከማለቱ በስተቀር ጉልበቷ እንዳለ ነው፤ አሁንም አቀበቱን ወጥታ ሚካኤልን ትሳለማለች።

በደወልክ ቁጥር ከሁሉ አስቀድመህ "ክለባችንስ?" ትለኛለህ። እኔም "ደህና ነው፣ ይታገላል" እያልኩ ሸንግዬሃለሁ። ዘጠኝ ዓመት በረኛ ሆነህ የቆምክለት ክለብ ምን እንደደረሰበት በስልክ ልነግርህ አፌ አልታዘዝልኝ አለ። ጓደኛህ ወልደኪዳን ሰኞ ወደ አንተ እንደሚመለስ ስሰማ ግን በወረቀት ልንገረው ብዬ ተቀመጥኩ። ብትቆጣኝም አልቀየምህም። ክለባችን በሬሳ ኮከብ ከሊጉ ወርዷል።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍሥሐ የመጣው ዓመቱ ሲጀምር ነው። ክፉ ሰው ነው አልልህም፤ አነጋገሩ ያምራል፣ አለባበሱም ጽዱ ነው። ኳስ ግን አያውቅም፤ የሚያውቁትንም አይጠይቅም። እዚሁ ያደጉትን ሰባት ልጆች አሰናብቶ ከየትም የተለቀመ ቡድን አመጣልን። አንዱ ልጅ የደብረ ብርሃን ብርድ ገርፎት እጁ ላይ ካልሲ አጥልቆ ሲለማመድ በዓይኔ አይቻለሁ። በተሸነፍን ቁጥር ስብሰባ ነው፤ ከስብሰባው በኋላ ደግሞ መግለጫ። አንድ ጊዜ ዳኛው፣ አንድ ጊዜ ሜዳው፣ አንድ ጊዜም ነፋሱ ጥፋተኛ ተባለ። ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው ብንል የሚሰማን ጠፋ።

ቡድኑን ደግፎ ያቆመው የልብ ጓደኛህ፣ አሠልጣኙ ጋሽ ገብረ ጻድቅ ነበር። መጋቢት ላይ አንድ እሑድ ጨዋታ ነበረን። ከፋብሪካው ፈረቃዬ ወጥቼ በር ላይ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የኳሶቹን መረብ በትከሻው ይዞ መጣ። ጥበቃው አንገቱን ደፍቶ "ጋሼ፣ እንዳላስገባዎት ታዝዣለሁ" አለው። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጥበቃው በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየው። አሥራ ሰባት ዓመት ያገለገለ ሰው መሰናበቱን ያነበበው እዚያው ቆሞ፣ እኛ ሁላችን እያየነው ነው። አንብቦ ሲጨርስ ኳሶቹን ለጥበቃው አስረከበና "ልጆቹ ሳያሟሙቁ እንዳይገቡ ንገርልኝ" ብሎ በመጣበት ተመለሰ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። እኔ ገባሁ። ትኬቴን ሰጥቼ ገባሁና አንድ ለዜሮ ስናሸንፍ እልል አልኩ። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይሉ የለ? ያን ዕለት የላስኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ፍቅርተማርያም አስገባችኝ። ጓሮ ድንች ሲኮተኩት አገኘሁት። አጠገቡ ሄጄ ስቆም፣ "ማን አገባ?" ብሎ ጠየቀኝ። አጥቂው ኪሩቤል ነው አልኩት። "በየትኛው እግሩ?" አለኝ። በግራው ስለው ፊቱ በራ። "ሦስት ወር ሙሉ ያንን እግሩን ሳለማምደው ነበር" አለና ቀና ብሎ ሳያየኝ መኮትኮቱን ቀጠለ። እንባዬን ደብቄ ወጣሁ።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ደጋፊዎችን ሰበሰቡን። እጄን አወጣሁ። "ማሰናበት መብታችሁ ይሁን፤ ሰውን በር ላይ ማዋረድ ግን ማን የሰጣችሁ መብት ነው?" አልኩ። አቶ ፍሥሐ ፈገግ ብሎ "እናቴ፣ ክለብ የሚመራው በአሠራር እንጂ በስሜት አይደለም" አለኝ። "አሠራሩ ታዲያ ስንት ጎል አገባ?" አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ግን ለማሳቅ አልነበረም። በሳምንቱ የደጋፊነት መታወቂያዬን ነጠቁኝ። ባዩ "ተይው፣ ለጤናሽ" ይለኛል። ለእሱ መተው ቀላል ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ ግንቦት ማለቂያ ላይ ነበር። ላለመውረድ የግድ ማሸነፍ ነበረብን። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ እንደማንኛችንም ትኬት ቆርጦ መጣ። ማንም አልጮኸም፤ ሰዉ በየረድፉ እየተነሣ መንገድ ለቀቀለት። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ፤ ወረድን። አቶ ፍሥሐ ከዕረፍት በኋላ ወንበሩ ላይ አልነበረም። ልጆቹ ሜዳው ላይ እንደተዘረሩ ቀሩ፤ የሚያነሣቸው ጠፋ።

ያኔ ጋሽ ገብረ ጻድቅ ወደ አጥሩ ወርዶ ኪሩቤልን በስሙ ጠራው። ልጁ እየተጎተተ መጥቶ ግንባሩን ሽቦው ላይ ደገፈ። ጋሼ ጣቶቹን በሽቦው አሾልኮ ራሱን ዳሰሰውና "በል ሂድ፣ ሌሎቹን አንሣቸው" አለው። ልጁም ሄዶ አንድ በአንድ አነሣቸው። እኔ ከዚያ ወዲያ ያየሁት የለም፤ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ።

አቶ ፍሥሐ ዛሬም ቢሮው ነው፤ ለከርሞ "አዲስ ምዕራፍ" እያለ ማስታወቂያ ያስለጥፋል። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ግን ከቤት መውጣት ትቷል። እኔ ላጽናናው ብሄድ ከንፈር መምጠጥ ይሆንብኛል። አንተ አብረኸው ተጫውተሃል፤ እባክህ ደውልለት። ስለ ክለቡ አትጠይቀው፤ ስለ ልጆቹ ጠይቀው።

ለባለቤትህ ለሸዋዬ፣ ትከሻዋን ስሜ ሰላም ብያታለሁ። ልጃችሁን ማኅደረማርያምን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ባዩ እጅ ነሥቷል። እማዬ "ገላህን ሙቀት፣ ልብህን ንዴት አይጉዳው" ብላሃለች። ራሔል በትምህርት ቤቷ የሴቶች ቡድን በረኛ ልትሆን ተመዝግባለች። እንዳልከለክላት አባቷ ለመነኝ፤ አልከለከልኳትም። ማልያዋን ለብሳ ስትወጣ ግን ሆዴ ይባባል።

እህትህ አልታየች
ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.